ኮሞዶር 64ን ከጋራዥ ሴል ገዝቶ ማደስ

ቅድሚያ መነገር ያለበት ነገር አለ። አሮጌ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። ይሠራ ይሆን ብሎ ማየት ያጓጓል። ግን አርባ ዓመት ደህና የኖረ ማሽን በጥቂት ሰከንድ የሚሞተው እዚያች ላይ ነው። ምክንያቱን ወረድ ብዬ በሰፊው እነግራችኋለሁ። እስከዚያው እጃችሁን ሰብስቡ።

ይህ መመሪያ በተለይ አሜሪካ ላላችሁና ቅዳሜ ጠዋት የሰው ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ማገላበጥ ለምትወዱ ነው። ምሳሌ የማደርገው ኮሞዶር 64 የሚባለውን የሰማንያዎቹ የቤት ኮምፒውተር ነው፤ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ አላውቅም። ብዙ ስለተሸጠ ይገኛል። መለዋወጫው ዛሬም እየተመረተ ይሸጣል። ሲበላሽም የት የት እንደሚበላሽ ጠጋኞቹ ጠንቅቀው ያውቁታል።

ማሽኑን ለማታውቁት፦ እ.ኤ.አ. በ1982 በ595 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ። በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው ወደ 200 ዶላር ገደማ ወረደ። የሚሸጠው ኮምፒውተር መደብር ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ ኬማርትና ሲርስን የመሰሉ ትልልቅ መደብሮችም ይሸጡት ነበር። ስለዚህ የገባው መሐንዲስ ቤት ብቻ ሳይሆን ተራው ቤተሰብ ቤት ነው፤ ዛሬ በየቤዝመንቱ የምናገኘውም ለዚህ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 እስኪከስር ድረስ ሲሸጥ ቆየ። መሥራቹ ጃክ ትራሚየል ከአውሽዊትዝ ተርፎ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። ሥራ የጀመረው ኒውዮርክ ውስጥ የታይፕ መኪና በመጠገን ነበር። ጠጋኝ የመሠረተው ኩባንያ ዕቃ መጠገን ለብቻው ደስ ይላል።

ፍለጋው

ጋራዥ ሴል፣ ማለትም ሰው አሮጌ ዕቃውን ቤቱ ደጃፍ አውጥቶ የሚሸጥበት፣ የሚበዛው ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው። ዋናው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ጠረጴዛው ገና ሲዘረጋ መድረስ አለባችሁ። ሰፈር ምረጡ። አዳዲስ ቤቶች የተሠሩበት አካባቢ መዞር ነዳጅ ማቃጠል ነው። የምትፈልጉት ባለቤቱ ከሰባዎቹ ወይም ከሰማንያዎቹ ጀምሮ ያልለቀቀውን ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ለገና ኮሞዶር የተገዛለት ልጅ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ወላጆቹ ቤት እያሳነሱ ነው፤ ዕቃው የሚወጣውም አሁን ነው።

ከጋራዥ ሴል ይልቅ እኔ ኢስቴት ሴልን እመርጣለሁ። ሰው ሲሞት ወይም ወደ ትንሽ ቤት ሲዛወር የቤቱ ዕቃ በሙሉ የሚሸጥበት ማለት ነው። ቤዝመንት ድረስ ያስገቧችኋል። ፎቶ ቀደም ብለው ኢንተርኔት ላይ ስለሚለጥፉ ፎቶውን አጉልታችሁ ከኋላ ያለውን መደርደሪያ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ቀን ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ የሚሸጥላችሁ ሰው አባቱን ቀብሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዋጋ ስትከራከሩ አንደበታችሁ ይለስልስ።

ኮሞዶር 64 ከላይ ሲታይ ወፍራም ኪቦርድ ነው። ኮምፒውተሩ በሙሉ ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ሻጩም ብዙ ጊዜ ይህን አያውቅም። ስለዚህ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስና ክሬግስሊስት ላይ ስትፈልጉ በስሙ ብቻ አትፈልጉ፤ «አሮጌ ኪቦርድ» ብላችሁም ሞክሩ። በስሙ የተለጠፈው ሰብሳቢ አይቶታል፤ በኪቦርድ ስም የተለጠፈው ግን እናንተን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ካላያችሁ የኬብል ካርቶኑን ፈልጉ። ሁሉም ጋራዥ ሴል አንድ የተጠላለፈ ሽቦ የሞላበት ካርቶን አለው። ከውስጡ ክብ፣ ሰባት ፒን ያለው መሰኪያ የተገጠመለት ከባድ ጥቁር ጡብ የሚመስል ነገር ካገኛችሁ ኮምፒውተሩ ሩቅ አይደለም። ያኔ ጠይቁ፦ «ይሄ የምን ነው? ዕቃው ቤት ውስጥ ይኖር ይሆን?» ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ሳትጠይቁ አትውጡ። የልጆቹ አሮጌ ኮምፒውተር አቲክ ላይ መኖሩን ባለቤቱ የሚያስታውሰው ስትጠይቁት ነው። ስልክ ቁጥራችሁን ትታችሁ ሂዱ፤ በሳምንቱ የሚደውል አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሻጩ «ሰክተን እንየው» ቢላችሁ አመስግናችሁ እንቢ በሉ። ከዚያ ዕቃውን አንሱና ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ የወደቀ ብሎን ወይም የተሰበረ ፕላስቲክ ነው። አሽትቱት። የሲጋራ ሽታ ይታጠባል፤ የሻጋታ ሽታ ግን ዕቃው እርጥብ ቤዝመንት ውስጥ መክረሙን ይነግራችኋል። ገልብጣችሁ ብሎኖቹን እዩ። ዝገት ካለ ውስጡም ይኖራል። የብሎኑ ራስ ከተበላ ከእናንተ በፊት ካቻቢቴ የያዘ ሰው ገብቷል ማለት ነው፤ ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም። ኋላና ጎን ያሉትን መሰኪያዎች ተመልከቱ፤ አረንጓዴ ነገር ወይም የተጣመመ ፒን አለ?

ቁልፎቹን ቁጠሩ ባልላችሁም የጎደለ እንዳለ እዩ። ሽፋኑ የጠፋ አንድ ቁልፍ ብዙም አያሳስብ። ከሥሩ ያለው ዘንግ ከተሰበረ ግን ከሌላ ኪቦርድ መፈለግ ይመጣል። ቢጫነት ለመደራደሪያ ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ ለማሽኑ ጤና ምንም አይደለም።

«አልሞከርነውም» የሚል ሻጭ ብዙ አለ። ሞክረውት እንቢ ያላቸውም እንደዚሁ ይላሉ። እኔ የምከፍለው አይሠራም ብዬ ነው፤ ሲሠራ ትርፍ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር 1541 የሚባለው የዲስክ ማጫወቻ ወይም 1702 የሚባለው ሞኒተር ካለ ግን እጃችሁን ፈታ አድርጉ። በተለይ ሞኒተሩን አትተዉ፤ ለኮሞዶር ከዚያ ያማረ ምስል የሚሰጥ በቀላሉ አይገኝም። ስትሸከሙት ስክሪኑ ወደ ደረታችሁ ይዙር፤ ክብደቱ በዚያ በኩል ነው። ምንም ቢመጣ ግን ሞኒተሩን አትክፈቱ። ተነቅሎም ውስጡ የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ

አሁን ወደ ጥቁሩ ጡብ እንምጣ። ኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ የሚመግበው ይህ ፓወር ሰፕላይ ሁለት ነገር ይሰጣል፦ 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ። 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ውስጡ በኢፖክሲ ሙጫ ተደፍኗል። ሙቀቱ መውጫ የለውም። ሲያረጅ ቮልቴጁ ወደ ታች ቢወርድ ኮምፒውተሩ አይነሳም ነበር፤ ጉዳት የለውም። ችግሩ ሲሞት ወደ ላይ መውጣቱ ነው። 5 የነበረው 6፣ 7 እያለ ይሄዳል፤ የማስታወሻ ቺፖቹ ወዲያው ይቃጠላሉ። እየተጠገኑ ከሚመጡት ማሽኖች መካከል ብዙዎቹን የገደለው ይሄው ጡብ ነው።

መለካት ትችላላችሁ። ጡቡን ከኮምፒውተሩ ሳታገናኙ ግድግዳ ላይ ሰኩት። መልቲሜትሩን፣ ማለትም የቮልቴጅ መለኪያውን፣ ዲሲ ላይ አድርጉ። የክቡን መሰኪያ ፒኖች ስታዩ በቅስት ተደርድረዋል። መሃል ያለው ግራውንድ ነው፤ ጥቁሩን ጫፍ እዚያ። ከግራና ከቀኝ ከጎኑ ካሉት በአንዱ ላይ 5 ቮልት ታገኛላችሁ፤ በሌላው ምንም የለም። ከ4.9 እስከ 5.2 ከሆነ ለዛሬ ደህና ነው። ከ5.25 በላይ ከሆነ ጡቡን ዳግመኛ እንዳትጠቀሙበት። ከዚያ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አዙራችሁ በሁለቱ ዳርና ዳር ባሉት ፒኖች መካከል ለኩ፤ 9 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይወጣል። ስትለኩ ሁለት ፒን በአንድ ጫፍ እንዳታገናኙ ተጠንቀቁ።

«ለዛሬ» ያልኩት አውቄ ነው። ዛሬ ልክ የሆነ ጡብ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲግል ሊከዳ ይችላል። የኔ ምክር አጭር ነው፦ አሮጌውን ለመታሰቢያ አስቀምጡትና ለኮሞዶር ተብሎ የተሠራ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ግዙ። ኮምፒውተሩን ከገዛችሁበት ቢበልጥም ግዙ። የግድ አሮጌውን እጠቀማለሁ ካላችሁ በመሃል የሚገባ፣ ቮልቴጁ ከፍ ሲል የሚቆርጥ ትንሽ መከላከያ አለ፤ ያለሱ አይሆንም።

ኮሞዶር ሳይሆን ሌላ ነገር ካገኛችሁም «አትሰኩት» የሚለው አይቀየርም፤ ምክንያቱ ብቻ ይለያያል። የአታሪ 800ኤክስኤል አንዱ ፓወር ሰፕላይም እንደዚሁ የተደፈነና የሚገድል ነው። አፕል ቱ ኢ ውስጥ ሪፋ የሚባል፣ ቢጫ ለበስ ካፓሲተር አለ። ልባሱ በዕድሜ ይሰነጠቅና እርጥበት ያስገባል፤ ከዚያ ሲሰካ ፈንድቶ ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። በአሮጌ ማኪንቶሾችና በአሚጋ 500 ማስፋፊያ ካርድ ላይ ደግሞ ጠላቱ ባትሪ ነው። ፈሳሹ ወጥቶ ቦርዱን ይበላል። እነዚህን እቤት እንደደረሳችሁ ከፍታችሁ ባትሪውን አውጡ፤ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ስክሪኑ አብሮ የተሠራበትን ማኪንቶሽ ግን እንደ ሞኒተሩ ቁጠሩት፤ ራሳችሁ አትክፈቱት።

መክፈትና ማጽዳት

ኮሞዶሩን ገልብጡት። ከሥሩ ከፊት በኩል ሦስት ብሎኖች አሉ። ፈትታችሁ መልሳችሁ ቀና አድርጉትና የላይኛውን ክዳን ከፊት ቀስ ብላችሁ አንሱ። ከኋላ በመያዣ ስለተቆለፈ እንደ መጽሐፍ ነው የሚከፈተው። አትጎትቱት! ኪቦርዱ ከክዳኑ ጋር ነው የሚነሳው፤ ሁለት ኬብል ከቦርዱ ጋር ያያይዘዋል። አንዱ የኪቦርዱ ሰፊ መሰኪያ ነው፤ ሌላው የቀይ መብራቷ ትንሽ ሽቦ። ሽቦውን ሳይሆን መሰኪያውን ይዛችሁ ንቀሉ። ከዚያ በፊት ግን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚህ በኋላም በየደረጃው አንሱ፤ ስትገጥሙት ትመርቁኛላችሁ።

ከመንካታችሁ በፊት በሰውነታችሁ ያለውን ስታቲክ፣ ያንን ብረት ሲነኩ ቆንጠጥ የሚያደርገውን ኤሌክትሪክ፣ አራግፉ። ምንጣፍ ላይ ቆማችሁ፣ በክረምት ሂተር እየሠራ፣ ሹራብ ለብሳችሁ ይህን ሥራ አትሥሩ። ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት ነክታችሁ ጀምሩ፤ የእጅ ማሰሪያ ካላችሁ የተሻለ።

ከቦርዱ በላይ አንዳንዱ የብረት፣ አንዳንዱ ፎይል የተለጠፈበት ካርቶን ሽፋን አለው። አንሱት። ከሥሩ የምታገኙት ነገር እንደ ቤቱ ነው፦ አቧራ፣ የውሻ ፀጉር፣ የኮካ ኮላ ቅሪት፣ አንዳንዴም የበረሮ ቤተሰብ። ውጭ ወጥታችሁ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አራግፉት። ቀሪውን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጆሮ ጥጥ ጥረጉ። በፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃው ስለሚበዛ ቶሎ አይደርቅም። ከኋላ ያሉት የቦርዱ ጠርዝ መሰኪያዎች ጥቁር ከሆኑ በእርሳስ ላጲስ ፈግፍጓቸው፤ ከዚያ አልኮል።

ቺፖቹ አንዳንዶቹ ሶኬት ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዳንዶቹ በሶልደር (አቅልጠው በሚያጣብቁት ብረት) ተይዘዋል። ሶኬት ላይ ያሉትን አንድ በአንድ፣ ከሁለቱም ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያነሳችሁ አውጥታችሁ እንደነበሩ መልሱ። አርባ ዓመት ሳይነካ የኖረ እግር ኦክሳይድ ይይዛል። ነቅሎ መትከል ብቻውን ማሽን ሲያስነሳ አይቻለሁ። የቺፑ ጫፍ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምልክት በየት በኩል እንደነበረች ሳታዩ እንዳትነቅሉ። በተቃራኒው የተተከለ ቺፕ ሲበራ ይቃጠላል።

ቦርዱ ላይ አንዲት የመስታወት ፊውዝ አለች፤ 1.5 አምፔር ናት። አውጥታችሁ በመልቲሜትር ፈትሿት። የምትጠብቀው 9 ቮልቱን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቦርዶች ላይ እሷ ከተቃጠለች መብራቷ ብትበራም ምስልም ድምፅም አይኖርም። ፊውዝ የሌለ እንደሆነ በፎይል ጠቅልሎ የማስቀጠል ልማድ አለ፤ እዚህ ተዉት።

ሲበራ

አሁን ጊዜው ደረሰ። ኮሞዶሩን በአዲሱ ፓወር ሰፕላይ፣ በኋላው ባለው ክብ የቪዲዮ መሰኪያ በኩል ከቲቪ ጋር አገናኙ። አሮጌው የአንቴና ገመድ ብቻ ካላችሁ ቲቪውን ቻናል 3 ወይም 4 ላይ አድርጉ። አብሩ። ማሽኑ ማስታወሻውን ስለሚፈትሽ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ይላል። ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን፣ የኮሞዶር ስም፣ 38911 የሚል ቁጥርና የምትርገበገብ ጠቋሚ ይመጣሉ። ቁጥሩን አንብቡ። ከ38911 ካነሰ ማሽኑ ፈተናውን ሲሠራ አንድ ቦታ ላይ የተበላሸ ማስታወሻ አግኝቶ ቆሟል ማለት ነው።

አስር ሰከንድ ቆይቶ ምንም ከሌለ አጥፉ። አትደናገጡ። ብዙው ሰው የሚያገኘው ይሄንኑ ጥቁር ስክሪን ነው።

ጥቁር ስክሪን ሲያጋጥም የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ሶልደሩን ከማሞቃችሁ በፊት በቅደም ተከተል ሂዱ። ኬብሉና ቲቪው ደህና መሆናቸውን በሌላ ዕቃ አረጋግጡ። ቀጥሎ ማሽኑ በርቶ ቦርዱ ላይ 5 ቮልት መድረሱን ለኩ። ከዚያ አንድ ደቂቃ አብርታችሁ ቺፖቹን በጣታችሁ ጫፍ ንኩ። ምስል የሚሠራው ቺፕ፣ የድምፁ ሲድና ፒኤልኤ የሚባለው መጋል ልማዳቸው ነው። ስምንቱ ትንንሽ የማስታወሻ ቺፖች ግን ለብ ማለት ነው ያለባቸው። ከስምንቱ አንዱ ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ላያቸው ላይ ኤምቲ የሚል ምልክት ያላቸው ከሆኑ ደግሞ ሳይግሉም ጠርጥሯቸው፤ የማይክሮን ናቸው፣ በመሞት ስማቸው ወጥቷል።

ፒኤልኤው በቦርዱ ላይ ዩ17 የሚል ምልክት አለው። ቺፖቹን የሚያስተባብር እሱ ነው፤ ከፓወር ሰፕላዩ ቀጥሎ በብዛት የሚሞተውም እሱ ነው። ኮሞዶር ከሠራው አሮጌ ይልቅ ዛሬ የሚመረተውን ምትክ ግዙ፤ አይግልም፣ ይቆያልም።

ገንዘብ የሚያወጣ ሰው «ዴድ ቴስት» የሚባለውን ካርትሪጅ ይግዛ። እኔ ከመልቲሜትሩ ቀጥሎ የማልለየው መሣሪያ ነው። ከኋላ ትሰኩትና ታበሩታላችሁ። ማስታወሻው የተበላሸ ከሆነ ስክሪኑ ብልጭ ብልጭ ይላል። የብልጭታው ቁጥር ከስምንቱ ቺፖች የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ዝርዝሩ ከካርትሪጁ መመሪያ ጋር አለ። ካርትሪጁ ራሱ ካልተነሳ ፒኤልኤውን፣ ፕሮሰሰሩንና የምስል ቺፑን ጠርጥሩ።

ሌሎቹ ምልክቶች ቀላል ናቸው። ጽሑፉ መጥቶ ጠቋሚዋ ካልርገበገበችና ኪቦርዱ ከሞተ ዩ1 ላይ ያለው 6526 ቺፕ ነው። ሁሉም ሠርቶ ዲስክ ብቻ እንቢ ካለ መንትያው ዩ2 ነው። ምስሉ ጥሩ ሆኖ ድምፅ ከሌለ ሲድ ነው፤ ዋናው ሲድ ውድ ስለሆነ ዘመናዊ ምትክ ይበቃል። ዩ1ን ብዙ ጊዜ የሚገድለው የሰው ጣት ነው። ጎን ላይ ያሉት የጆይስቲክ ፒኖች በቀጥታ ከሱ ጋር ስለሚገናኙ ስታቲክ ያለው እጅ አይንካቸው።

በሶልደር የተያዘ ቺፕ ማውጣት ሌላ ሙያ ነው። ልምድ ከሌላችሁ መጀመሪያ በማይረባ አሮጌ ሬዲዮ ቦርድ ተለማመዱ። ቺፑ የሞተ መሆኑን ካረጋገጣችሁ እግሮቹን በመቁረጫ ቆርጣችሁ አንድ በአንድ ማውጣት ቦርዱን ያድናል። በቦታው ሶኬት ትከሉ።

ኪቦርዱ

ከሁሉም የሚያረካው ሥራ ይሄ ነው። ፎቶ አንሱ፤ ቁልፎቹን በቁልፍ ማውጫ ሽቦ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ስፕሪንግ አለ፤ እንዳይበተን ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉ። የስፔስ ቁልፍ በብረት ሽቦ ስለተያዘ በጉልበት አትንቀሉት። ቁልፎቹን በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ዘፍዝፋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹ። ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቁ።

የማይጻፉ ቁልፎች ካሉ ኪቦርዱን ከኋላ መክፈት ግድ ነው። ትንንሾቹ ብሎኖች ብዙ ናቸው፤ ሳህን ላይ አስቀምጡ። ከዚያ በፊት የሺፍት ሎክ ሁለት ሽቦዎች በሶልደር የተያዙ ስለሆኑ መፍታት አለባችሁ፤ ያን ዘንግቶ የሚጎትት ሽቦውን ይበጥሳል። ውስጡ ያለውን የቦርድ ነጠብጣብ በአልኮል ጥረጉ። በዘንጎቹ ጫፍ ያለውን ጥቁር ላስቲክ ግን አትፈግፍጉት፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ያ ጥቁር ካርቦን ነው። እርጥብ ወረቀት ላይ ቀስ አድርጎ መጫን ይበቃዋል።

ቢጫነቱ

አካሉን በለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ የስሙ ምልክት ያለበትን ቦታ አታርጥቡ። አሴቶን በፍጹም አይነካው፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ለተለጠፈ የዋጋ ወረቀት የምግብ ዘይት ይበቃል።

ቢጫውን የማስለቀቂያ ዘዴ ሬትሮብራይት ይባላል። የፀጉር ቀለም መደብር የሚሸጠው ባለ 40 ቮልዩም ክሬም፣ ማለትም 12 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ፕላስቲኩ ላይ እኩል ይቀባል፤ በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ይሸፈንና ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። በየግማሽ ሰዓቱ ክሬሙን ማስተካከልና ማዞር ነው። ክሬሙ በደረቀበት ወይም አየር በቋጠረበት ቦታ ነጭ መስመር ይቀራል፤ እሱ ደግሞ አይለቅም። ጓንትና መነጽር አድርጉ። እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙ ጊዜ አልሠራውም። ቢጫው ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ቀድሞውንም ቡናማ በነበረው የመጀመሪያው ሞዴል ላይ ደግሞ ልዩነቱ እምብዛም ነው።

ዲስኮቹ

ከኮምፒውተሩ ጋር በካርቶን የመጡ ዲስኮች ካሉ ወደ ማጫወቻው ከማስገባታችሁ በፊት በመሃል ባለው ቀዳዳ በኩል ዲስኩን እያዞራችሁ በማንበቢያው መስኮት ብርሃን ላይ እዩት። ነጭ ወይም ግራጫ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው። አንዱ የሻገተ ዲስክ የማጫወቻውን የማንበቢያ ጭንቅላት ያቆሽሻል፤ ጭንቅላቱ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይፍቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ጭንቅላቱን በአልኮል ጥረጉ፤ ከዚያ ቢጠፋም የማይቆጭ ዲስክ ሞክሩ። ላያቸው ላይ በእጅ የተጻፈባቸው ከሆኑ የቤተሰቡ ደብዳቤና ሒሳብ ሊሆን ይችላል። ለሻጩ ደውላችሁ ይፈልጉት እንደሆነ ጠይቁ፤ ለሰው አታሳዩ።

ለዕለት ተዕለት ጨዋታ ኤስዲ ካርድ የሚቀበል፣ ራሱን እንደ ዲስክ ማጫወቻ የሚያቀርብ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ኤስዲቱአይኢሲ ይባላል። ለጀማሪ ይበቃል።

የመጨረሻው ፍተሻ፦ ሀ

ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ብዙዎች ጨዋታ ይጭናሉ። እኔ ፊደል አስጽፈዋለሁ። ኮሞዶር 64 በአንድ ጊዜ 256 የፊደል ቅርጽ ይይዛል፤ እያንዳንዱ 8 በ8 ነጥብ ነው፤ ቅርጹንም እናንተ መቀየር ትችላላችሁ። የኛ ሠላሳ ሦስቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ዲቃላዎቹን ትተን ገበታው በሙሉ ይገባል ማለት ነው።

አንዷን ሞክሩ። ትእዛዞቹን በኪቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፉት፤ ፖክ ማለት ፒ፣ ኦ፣ ኬ፣ ኢ ነው፤ አንድ ቁጥር በማስታወሻው አንድ አድራሻ ላይ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ቦታውን ባዶ አድርጉ፦ ትእዛዝ በሚደጋግሙት በፎርና በኔክስት ከ12288 እስከ 14335 ባለው አድራሻ ሁሉ ላይ 0 ፖክ አድርጉ (FOR I=12288 TO 14335:POKE I,0:NEXT)። ጥቂት ሰከንድ ይወስድበታል። ቀጥሎ ከ12296 እስከ 12303 ባሉት ስምንት አድራሻዎች ላይ በተራ (POKE 12296,66 እያላችሁ) እነዚህን ፖክ አድርጉ፦ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 102፣ 60፣ 0። በመጨረሻ 53272 ላይ 28።

ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ በሙሉ ይጠፋል፤ ኤ የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል የነበረበት ቦታ ሁሉ ግን ሀ ሆኖ ይቀራል። ማሽኑ ትእዛዝ በጨረሰ ቁጥር የሚጽፈው «ሬዲ» የሚለው ቃል ውስጥ ኤ ስላለች ከላይ እስከ ታች ሀ ሀ ሀ ብሎ ታዩታላችሁ። ይህ ሲሆን ማስታወሻው፣ ፕሮሰሰሩ፣ የምስል ቺፑና ኪቦርዱ አብረው እየሠሩ ነው። የተሰበረ ወይም ነጥብ የጎደለው ሀ ከመጣ ቁጥሮቹን ደግማችሁ ጻፉ፤ አሁንም ያው ከሆነ ወደ ማስታወሻ ቺፖቹ ተመለሱ። ወደ ቀድሞው ለመመለስ ራን ስቶፕ የሚለውን ይዛችሁ ሪስቶር የሚለውን ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ።